አንግራ የአንድ ቀን ከተማ አይደለችም

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ የጉዞ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንተ የሄድክባት ከተማ ናት፣ አንብበው» አለኝ። ስለ አንግራ ዶ ኤሮይዝሞ የተጻፈ ነው። አንግራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል፣ ተርሴይራ በምትባል የፖርቱጋል ደሴት ላይ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ስለ እሷ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አገኛለሁ ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። አንብቤ ስጨርስ ግን ደስታዬ ጠፋ።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። አንግራ አፍሪካ አጠገብ ያለች ሞቃት የባሕር ዳርቻ ናት። ከማዴይራ በጀልባ ተሻግሮ ማየት ይቻላል። ይህ ነው የሚባል ታሪክ የላትም። «ኤሮይዝሞ»፣ ማለትም «ጀግንነት»፣ የሚለውን ስሟን ያገኘችው ስፔኖችን በከብት መንጋ ስላባረረች ነው። ቤቶቿ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሰው የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። ምሽጉ ለፎቶ ጥሩ ነው። ሕዝቡ መንገድ ላይ ኮርማ እየገደለ ይደሰታል። ስለዚህ አንድ ቀን ይበቃታል።

እኔ በሰኔ ወር ስምንት ቀን ቆይቻለሁ፤ ሳልጠግባት ነው የወጣሁት። ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ግን ጽሑፉን አምኖ፣ ገንዘቡን ቆጥቦ የሚሄድ ሰው ይኖራል። ለዚያ ሰው ስል ነጥቦቹን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹም ወራቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«አፍሪካ አጠገብ ያለች» የሚለው ስሕተት ነው። ካርታ ላይ ጣታችሁን ሊዝበን ላይ አድርጉና በቀጥታ ወደ ምዕራብ ጎትቱት። መሬት ሳትነኩ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ። እዚያ አዞረስ የሚባሉ ዘጠኝ ደሴቶች አሉ። ተርሴይራ ከእነሱ አንዷ ናት። ስሟ «ሦስተኛዋ» ማለት ነው፤ ከደሴቶቹ ሦስተኛ ሆና ስለተገኘች ነው የተባለችው። ስፋቷ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአፍሪካ የሚቀርበው ማዴይራ ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱን ያምታቱ ይመስለኛል። በአንግራና በማዴይራ መካከል ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አለ። በጀልባ ሄዶ ማታ የሚመለሱበት መንገድ አይደለም። የሚኬደው በአውሮፕላን ነው።

ያም ሆኖ አፍሪካ በአንድ መንገድ አዞረስን ትነካለች፤ ከባሕሩ ሥር። የአሜሪካ፣ የዩሬዥያና የአፍሪካ የምድር ቅርፊቶች የሚገናኙት በዚያ አካባቢ ነው። ደሴቶቹም ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው። እኛም አፋር ላይ ሦስት ቅርፊቶች የሚለያዩበት ምድር ስላለን ነገሩ ባዕድ አይሆንብንም። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ መንቀጥቀጡ ስናወራ እንመለስበታለን።

«ሞቃት ዳርቻ» የሚለውም ሰው ያሳስታል። አንግራ በኬክሮስ ከሊዝበን ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል፤ ግን ውቅያኖሱ መሃል ስላለች ብርዱም ሙቀቱም ለዘብ ያለ ነው። ክረምቱ አያንቀጠቅጥም፣ በጋው አያቃጥልም። እርጥበቱና ነፋሱ ግን አሉ። ጠዋት ፀሐይ፣ ረፋድ ላይ ጉም፣ ከሰዓት ካፊያ፣ ማታ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማይ አየሁ፤ ያውም በአንድ ቀን። የዝናብ ጃኬት ሳልይዝ ስለሄድኩ በሁለተኛው ቀን ገዛሁ። የአሸዋ ዳርቻ ፈላጊ ከሆናችሁ ከወደቡ ጎን ፕራይኛ የምትባል ትንሽ ዳርቻ አለች። ታስደስታለች፤ ግን ለእሷ ብሎ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው አይኖርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ «ለደሴቱ የተለየ ቪዛ ያስፈልጋል» ይላል። አያስፈልግም። አዞረስ የራሱ አስተዳደር ያለው ቢሆንም የፖርቱጋል ግዛት ነው። የሸንገን ቪዛ ወይም የአውሮፓ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ከሊዝበን ተነስቶ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ላጀስ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። ሰዓታችሁን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ጸሐፊው «ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፣ አሁንም ከዚያ ብዙም አልራቀችም» ይላሉ። በጣም የቆረቆረኝ ይህ ነው። አንግራን ከመሬት ሆኖ የሚያይ ሰው ትንሽ ከተማ ናት የሚያየው። የሠራት ግን ባሕሩ ነው፣ በተለይ ነፋሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከፖርቱጋል ወደ ደቡብ መሄድ ቀላል ነበር፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል። ችግሩ መመለሱ ነው። በአፍሪካ ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን የሚመለስ መርከብ ያው ነፋስ ፊት ለፊት ይመታዋል። መርከበኞቹ መላ አገኙ። ከዳርቻው ርቀው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ይገባሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ከፍ ብለው፣ ከምዕራብ የሚነፍሰውን ነፋስ ይዘው ወደ አገራቸው ይዞራሉ። መንገዱ ይረዝማል፤ ግን ያደርሳል። በዚያ ረጅም ዙር ላይ፣ ልክ ምግብና ውኃ ሲያልቅ፣ ሰው ሲታመምና ሸራ ሲቀደድ ከፊታቸው ብቅ የሚለው መሬት አዞረስ ነው። ከአዞረስ ደግሞ ጥሩ መጠለያ ያለው የአንግራ የባሕር ወሽመጥ ነበር። «አንግራ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ የባሕር ወሽመጥ ነው።

ስለዚህ ከሕንድ ቅመም ጭኖ የሚመጣው፣ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመለሰው፣ በኋላም ከአሜሪካ ብርና ወርቅ የያዘው የስፔን መርከብ እዚህ ያርፋል። የፖርቱጋል ንጉሥ የሚመለሱትን መርከቦች የሚቀበል፣ የሚጠግንና የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አንግራ ላይ አቋቋመ። በ1534 ከአዞረስ ደሴቶች ሁሉ ቀድማ የከተማ ማዕረግ አገኘች። በዚያው ዓመት የጳጳስ መቀመጫ ሆነች። ይህ የዓሣ አጥማጆች መንደር ታሪክ አይደለም።

አንድ ጠዋት ከወደቡ ደረጃ ሥር ተቀምጬ ነበር። ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ከውኃው ተነስቶ ወደ አደባባዩ ይወጣል። ከላይ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው የሚዜሪኮርድያ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ባለ ሁለት ግንብ። ድንጋዩ መሃል መሃሉ ላይ በእግር ብዛት ተበልቷል። ለወራት ባሕር ላይ የቆየ ሰው ከጀልባ ወርዶ መጀመሪያ የሚረግጠው ያንን ደረጃ፣ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ከተማዋ ፊቷን ወደ ባሕር አዙራ የተሠራች ናት። በመኪና ከኋላ በኩል የሚገባ ሰው ይህን አያይም፤ እኔም መጀመሪያ ቀን አላየሁትም።

ከደረጃው ራስ ላይ የቫስኮ ዳ ጋማ ሐውልት ቆሟል። ለምን እዚህ? ቫስኮ ዳ ጋማ በ1499 ከመጀመሪያው የሕንድ ጉዞው ሲመለስ ታላቅ ወንድሙ ጳውሎ በጠና ታሞ ነበር። ቫስኮ የራሱን መርከብ ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ወንድሙን በፈጣን ጀልባ ይዞ ወደ አገሩ ተጣደፈ። ተርሴይራ እንደደረሱ ጳውሎ ሞተ። አንግራ ላይ በቅዱስ ፍራንሲስኮ ገዳም ተቀበረ። የሕንድን የባሕር መንገድ ከፈተ የሚባለው ሰው የድሉን ዜና ለንጉሡ ለመናገር መቸኮል ሲገባው እዚህች ደሴት ላይ ወንድሙን እየቀበረ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1541 ምጽዋ ላይ 400 ወታደር ይዞ የወረደው፣ በግራኝ ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፎ በ1542 ተማርኮ የተገደለው ክሪስቶፎ ዳ ጋማ የዚሁ የቫስኮ ልጅ ነው። አንግራ የተቀበረው ጳውሎ አጎቱ ነው ማለት ነው። ገዳሙ ዛሬ የከተማዋ ሙዚየም ነው። እዚያ ቆሜ የአንድ ቤተሰብ አጥንት እንዴት እንደተበተነ አሰብኩ፤ አንዱ በአትላንቲክ ደሴት፣ ሌላው በእኛ ተራራ። ጸሐፊው ለእኛ አገር አንባቢ እየጻፉ ይህን አለማንሳታቸው አሳዘነኝ።

የስሟን ነገር በአጭሩ ልበለው። የከብቱ ታሪክ አለ። በ1581፣ የስፔን ንጉሥ የፖርቱጋልን ዘውድ ሲወርስ፣ ተርሴይራ «አንቀበልም» አለች። ስፔኖች ሳልጋ በምትባል ወሽመጥ ወረዱ። የደሴቱ ሰዎች የከብት መንጋ ለቀቁባቸውና አሸነፉ። ብሪያንዳ ፔሬይራ የምትባል ሴት በዚያ ውጊያ ስሟ ይነሳል። ስፔኖች ግን በ1583 በትልቅ ኃይል ተመልሰው ደሴቷን ያዙ። «ዶ ኤሮይዝሞ» የሚለው ቅጥያ የመጣው ከዚህ ሁሉ 250 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋል ለሁለት ተከፍላ ስትዋጋ፣ ሕገ መንግሥት ይኑር የሚለው ወገን በዋናው ምድር ተሸንፎ የቀረችው መጠጊያ ተርሴይራ ነበረች። በ1829 ዙፋኑን የያዘው የተቃራኒው ወገን ንጉሥ፣ የሚጌል፣ መርከቦች ሊያርፉ ሞክረው ተመቱ። አንግራ የስደተኛው መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ በ1832 የሕገ መንግሥቱ ወገን መሪ፣ የሚጌል ወንድም ፔድሮ፣ ራሱ መጣ፤ ጦሩም ከአዞረስ ተነስቶ አገሪቱን መልሶ ያዘ። ንግሥት ማሪያ ሁለተኛ በ1837 ለውለታዋ ስሙን ሰጠቻት። ስለዚህ «ጀግንነት» የተባለው ያ እምቢታ ነው እንጂ የከብቱ መንጋ አይደለም።

ቀጥሎ «ቅጂ ከተማ» የሚለው አለ። ይህን ያነበብኩት ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ትዝ እያሉኝ ነው። እድሜያቸው ወደ ሰባዎቹ የሚጠጋ ሴት ናቸው፤ ሁለት ክፍል ለእንግዳ ያከራያሉ። ቁርስ ላይ ስለ መንቀጥቀጡ ጠየቅኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ። ኖራው በአንድ ቦታ ሆን ተብሎ አልተቀባም፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታያል። ድንጋዮቹ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥር ነበረ፣ ደብዝዟል። «አባቴ ነው የጻፈው» አሉኝ። «ከፍርስራሹ እየለየ፣ የትኛው የት እንደነበረ እያስታወሰ።» እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቡናው እንዳይቀዘቅዝብኝ አስታወሱኝ።

መንቀጥቀጡ የመጣው በጥር 1 ቀን 1980 ነው፤ በአዲስ ዓመት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ። ኃይሉ ከ7 በላይ ተብሎ ተገምቷል። ከ60 በላይ ሰው ሞተ። ከከተማዋ ቤቶች አብዛኛው ተጎዳ ወይም ፈረሰ። የቤቱ ባለቤት እንዳሉኝ በዓል ስለነበረ ብዙ ሰው ከቤት ውጭ መሆኑ ነው ያተረፈው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ዋናው። ከተማዋን ጠርጎ በኮንክሪት መሥራት ይቻል ነበር፤ ያ ይፈጥን ነበር፣ ይረክስም ነበር። የአንግራ ሰዎች ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የጎዳና ንድፍ እንዲቆይ፣ ቤቶቹ በቀድሞ ቁመታቸውና መልካቸው እንዲነሱ ወሰኑ። ከውስጥ አጠናከሯቸው፣ ከውጭ እንደነበሩ አደረጓቸው። በ1983 ዩኔስኮ የከተማዋን መሃል በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በዚያ ዓመት ከፖርቱጋል ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ቦታዎች ተመዝግበዋል፤ ከአራቱ የከተማ መሃል የሆነችው አንግራ ብቻ ናት። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ባሉት ዓመታት ካቴድራሉ ደግሞ ተቃጠለ፤ እሱንም እንደገና አነሱት።

ታዲያ ይህ ቅጂ ነው? ቅጂ ማለት ሌላ ቦታ ያለን ነገር አስመስሎ መሥራት ነው። እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ቤት፣ በራሳቸው ድንጋይ፣ በነበረበት ቦታ ነው ያነሱት። የመንገዱን አቅጣጫ አልቀየሩም። የወደቡን ደረጃ አልነኩም። ጸሐፊው «አዲስ ቀለም» ያዩበት ግድግዳ ሥር የአንድ አባት የጠመኔ ቁጥር ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ምሽጉ ልምጣ። ጸሐፊው የሰጡት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ከላይ ሆኖ ከተማዋን ፎቶ ለማንሳት ይመቻል» የሚል። እውነት ነው፣ ይመቻል። ሞንቴ ብራዚል የሚባል፣ ወደ ባሕሩ የገባ አሮጌ እሳተ ገሞራ አለ፤ ከከተማዋ ጋር በጠባብ መሬት ተያይዟል። ስፔኖች ደሴቷን ከያዙ በኋላ፣ በ1590ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚያ አንገት ላይ ምሽግ መገንባት ጀመሩ። ዛሬ የመጥምቁ ዮሐንስ ምሽግ ይባላል። ግንቡ ሞንቴ ብራዚልን ይዞ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል። መድፎቹ ባሕሩንም ከተማዋንም እንዲያዩ ሆነው ነው የተሠሩት፤ መርከቦቹን ለመጠበቅ፣ ሕዝቡንም ለመቆጣጠር። በ1642 ፖርቱጋሎች ከብዙ ወራት ከበባ በኋላ መልሰው ያዙት። ከዚያ በኋላ እስር ቤትም ሆነ። የፖርቱጋል ንጉሥ አፎንሶ ስድስተኛ ራሱ፣ ወንድሙ ሥልጣኑን ከወሰደበት በኋላ፣ ከ1669 እስከ 1674 እዚህ ታስሯል።

እኔን እግሬን የያዘኝ ግን ሌላ እስረኛ ነው።

በደቡብ ሞዛምቢክ የጋዛ መንግሥት የሚባል ትልቅ የአፍሪካ መንግሥት ነበር። ከፍልስጥኤሙ ጋዛ ጋር ግንኙነት የለውም። የመጨረሻው ንጉሥ ጉንጉንያና ይባላል፤ በ1884 ነው የነገሠው። ፖርቱጋሎችንና እንግሊዞችን እርስ በርስ እያፎካከረ፣ ከሁለቱም ጋር እየተደራደረ መንግሥቱን ለማቆየት ሞከረ። አልሆነለትም። በታኅሣሥ 1895 መጨረሻ ሙዚኞ ደ አልቡኬርኬ የሚባል የፖርቱጋል መኮንን ሻይሚቴ በምትባል ቦታ ማረከው።

ቀኑን ልብ በሉ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ 1896። ጉንጉንያና የተያዘው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። በመርከብ ተጭኖ ሊዝበን የገባው በመጋቢት 1896 አጋማሽ ነው፤ እኛ ዘንድ የድሉ ወሬ ገና ትኩስ እያለ። ሊዝበን ላይ ሕዝብ በጎዳና ተሰልፎ ንጉሡን ከነቤተሰቡ አየው፣ ጮኸበት። አንድ አፍሪካዊ ንጉሠ ነገሥት ድል አድርጎ ወደ ዋና ከተማው ሲመለስ፣ ሌላው በዚያው ሰሞን ለሕዝብ እየታየ ወደ እስር ቤት ይሄድ ነበር። ይህን ሳነብ ሰውነቴን ወረረኝ።

ሰኔ ላይ ወደ አንግራ ላኩት። አብረውት ልጁ ጎዲዴ፣ አጎቱ ሙሉንጎ፣ እና ዚሻሻ የሚባለው አለቃ ነበሩ። ሚስቶቹን ለይተው ወደ ሳኦ ቶሜ ደሴት ሰደዷቸው። ንጉሡ ከዚያ በኋላ አላያቸውም። በአንግራ ምሽግ ውስጥ ማንበብና መጻፍ አስተማሩት። አጠመቁት፤ ሬይናልዶ ፍሬደሪኮ የሚል ስም ሰጡት። ቅርጫት ይሠራ እንደነበር ይነገራል። ከጊዜ በኋላ በከተማዋ እንዲዘዋወርም ፈቀዱለት። አሥር ዓመት ቆይቶ በታኅሣሥ 1906 እዚያው ሞተ። ዚሻሻ ከሁሉም በኋላ እስከ 1927 ቆየ፤ እዚያው ልጅ ወልዷል። በ1985፣ ሞዛምቢክ ነጻ ከወጣች በአሥረኛው ዓመት፣ የንጉሡ ቅሪት ወደ አገሩ ተመለሰ። ዛሬ ማፑቶ ምሽግ ውስጥ፣ በተቀረጸ የእንጨት ሣጥን አለ።

ምሽጉ ዛሬም የጦር ሠራዊት ነው፤ የሚያስጎበኝ ወታደር ጋር ነው የሚገባው። እኛን ያስጎበኘን ወጣት ነበር፤ በትሕትና ይናገራል። በግንቡ ላይ ሄደን ወደ ባሕር የሚያይ ቦታ ላይ ቆምን። ከፊት ውኃ ብቻ ነው። በግራ ከተማዋ ትታያለች፤ ቀይ ጣሪያ፣ ነጭ ግድግዳ። ከላም በረት የሚመጣ ሽታና የባሕር ጨው ሽታ ተቀላቅሎ ይሸታል። እድሜውን ሁሉ ከብት የነበረው፣ በከብት የሚመካ ሕዝብ ንጉሥ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ያንን ሽታ እያሸተተ የኖረ ይመስለኛል። ፎቶ አላነሳሁም። ሰው ፎቶ አያንሳ እያልኩ አይደለም። ግን ለአፍሪካዊ አንባቢ ስለዚህ ምሽግ ጽፎ ስሙን አለመጥራት ትልቅ ጉድለት ነው። ጽሑፋቸውን ካረሙ መጀመሪያ ይህን ቢያስገቡ ደስ ይለኛል።

«ኮርማ መንገድ ላይ ይገድላሉ» የሚለውን ልመልስ። አይገድሉም። ተርሴይራ ላይ ያለው «የገመድ ኮርማ» ነው። ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 15 ድረስ በየመንደሩ ይካሄዳል፤ በዓመት ከሁለት መቶ በላይ ጊዜ። ኮርማው ቀንዱ ጫፍ ላይ መሸፈኛ ይደረግለታል። አንገቱ ላይ ረጅም ገመድ አለ፤ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ጫፉን ይይዛሉ። አስፋልቱ ላይ መስመር ተሥሏል፤ ከዚያ እንዲያልፍ አይፈቅዱለትም። ርችት ይተኮሳል፣ ኮርማው ይለቀቃል፣ ጎበዝ ነኝ ያለ ጃንጥላ ዘርግቶ ፊቱ ይሄዳል። አራት ኮርማ በየተራ ይወጣል፤ ሁሉም በሕይወት ወደ ሜዳቸው ይመለሳሉ።

እኔ ያየሁት ከከተማዋ ወጣ ባለች መንደር ነው። በሮቹ ሁሉ በሳንቃ ታጥረዋል። አያቶች በረንዳ ላይ፣ ልጆች አጥር ላይ። ሁለተኛው ኮርማ ሲወጣ ከአጠገቤ የነበረ ሰውዬ ልብሴን ይዞ ወደ ሳንቃው ውስጥ ጎተተኝ፤ መስመሩን አልፌ ቆሜ ነበር። ሲያልቅ «አምስተኛው ኮርማ ይቀራል» አለኝ። አምስተኛው ኮርማ የሚሉት ግብዣውን ነው። ቤቱ ይዞኝ ገባ። ጠረጴዛው ሙሉ ነው፤ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም፣ ብላ ብቻ ነው የሚሉት። እንስሳው አይጨነቅም ብዬ አልከራከርም፤ ሲሮጥ ዓይኑን አይቻለሁ፣ ደስ አላለኝም። ይህን የማይወድ ሰው ቢኖር እረዳዋለሁ። ግን ያልተደረገ ግድያ መጻፍ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ምግቡ ጸሐፊው «ዓሣ ብቻ» ብለዋል። አልካትራ ይቅመሱ። የበሬ ሥጋ በሸክላ ድስት፣ በወይን ጠጅና በቅመም፣ ለረጅም ሰዓት ምድጃ ውስጥ የሚበስል ነው። ዶና አሜሊያ የሚባለው ትንሽ ኬክ ደግሞ ቀረፋ ቀረፋ ይላል። ስሙ በ1901 ደሴቷን ከጎበኘችው ንግሥት የመጣ ነው፤ ቅመሙ ግን ከዚያ በጣም የቆየ ነው፣ ከሕንድ በሚመለሱት መርከቦች ዘመን የገባ።

በየመንደሩ ስለሚታዩት ባለ ቀለም ትናንሽ ጸሎት ቤቶች ጽሑፉ «የመጫወቻ ቤት የመሰሉ» ይላል። እነዚህ የመንፈስ ቅዱስ ቤቶች ናቸው፤ በደሴቷ ላይ ሰባ ያህል አሉ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ እስከ ጰራቅሊጦስና ከዚያም አልፎ፣ የሰፈሩ ሰው ተራ ገብቶ ይደግሳል። ከሰፈሩ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ልጅ፣ የብር ዘውድ ይደፋለታል። ዳቦ፣ ሥጋና ወይን ጠጅ ለሁሉም ይታደላል፤ ለድሃው መጀመሪያ። ዝክርና ማኅበር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጽዋው ከቤት ቤት እንደሚዞር ሁሉ፣ የእነሱም ዘውድ ከቤት ቤት ይዞራል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትም አለ። እሑድ ከተማዋ ጭር ትላለች፤ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። አየሩ ሲበላሽ በረራ ይዘገያል፤ ስለዚህ ከሊዝበን የሚቀጥል ትኬት ያለው ሰው አንድ ቀን ትርፍ ይያዝ። መኪና ሳይከራዩ ደሴቷን ማዳረስም ይከብዳል። ከእነዚህ ሦስቱ ላይ ክርክር የለኝም።

«አንድ ቀን ይበቃታል» የሚለው ላይ ግን አለኝ። አንድ ቀን ለከተማዋ ጎዳናዎችና ለሙዚየሙ ይሄዳል። ግማሽ ቀን ለምሽጉና ለሞንቴ ብራዚል። ሌላ ግማሽ ቀን ወደ ደሴቷ መሃል፣ ወደ አልጋር ዶ ካርቫኦ። እሱ የተኛ እሳተ ገሞራ ጉሮሮ ነው፤ በደረጃ ወርዳችሁ ከሥሩ ኩሬ አጠገብ ትቆማላችሁ። ቀና ስትሉ አፉ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ፣ የድንጋይ ሽበትና ፈርን እየተንጠባጠበ ይታያል። በሰኔ ከሆነ ለሳንዡዋኒናስ፣ ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያስፈልጋል።

መዋኘት የሚችል ሰው ደግሞ ወደ ወሽመጡ ይግባ። አንግራን ከአብዛኛው ነፋስ ኮረብታዎቹ ይጋርዷታል፤ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣውን ግን አይከለክሉላትም። ያ ነፋስ ሲመጣ መርከቦቹ መልሕቃቸውን ቆርጠው ወደ ጥልቁ መሸሽ ነበረባቸው፤ ያልሸሸው ዳርቻው ላይ ይሰበራል። የከተማዋ ሰዎች ያንን ነፋስ «አናጢው» ይሉታል። በነጋታው ዳርቻው በእንጨት ስለሚሞላ ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚህች ትንሽ ወሽመጥ ከሰባ በላይ መርከብ እንደሰጠመ ተመዝግቧል። በ1878 የሰጠመው ሊዳዶር የተባለው የእንፋሎት መርከብ ዛሬም ከሥር ተኝቷል፤ ወደ እሱ የሚወስዱ ጠላቂዎች አሉ። ከእሱ ራቅ ብሎ «የመልሕቆች መቃብር» የሚባል ቦታ አለ። መርከቦቹ ሲሸሹ ቆርጠው የጣሏቸው መልሕቆች ናቸው፤ በአሸዋው ላይ እንደወደቁ ተኝተዋል።

እኔ መጥለቅ አልችልም። የጀልባው ሰው በላያቸው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በጣቱ ወደ ታች አሳየኝ። ውኃው ጥልቅ ስለሆነ ምንም አይታይም። ጀልባዋ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች፤ ከፊታችን ደረጃው፣ ከደረጃው በላይ ሰማያዊው ቤተ ክርስቲያን። ከተማዋን ከባሕር ሆኜ ያየኋት ያኔ ነው፤ በሰባተኛው ቀኔ።